ወጣትን ለሥራ ስለ ማሳደግ፤ ራስን ማክበር ትዕቢት ነውን?

ወዳጄ ሆይ፤ ብዙ አባቶችና የሥራ አለቆች ልጅ ከተመሰገነ ይበላሻል ብለው ያምናሉ። ስለዚህ ሲሳሳት «አንተ የማትረባ» ይሉታል፤ ደኅና አድርጎ ሲሠራም ዝም ይላሉ። ይህን የሚያደርጉት ትዕቢትን ስለሚፈሩ እንጂ ከክፋት አይደለም። ነገር ግን የማትረባ ነህ እየተባለ ያደገ ልጅ ትሑት ይሆናልን? እኔስ እንደማየው ፈሪ ይሆናል። ትሑት ያላወቀውን ይጠይቃል፤ ፈሪ ግን አላውቅም ማለትን አፍሮ ያበላሸውን ሥራ ይደብቃል።

የኦነሲሞስ ነሲብን ነገር አስብ። በሕፃንነቱ ከወገኖቹ ተነጥቆ ለባርነት ተሸጠ፤ ከጌታ ወደ ጌታም እየተላለፈ ምጽዋ ደረሰ፤ በዚያም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1870 ዓ.ም. ነጻ ወጣ። ዋጋው በገበያ የተቈረጠ ልጅ ስለ ራሱ ምን ሊያስብ ይችል ነበር? የስዊድን ሚሲዮን መምህራን ተቀብለው አስተማሩት፤ በ1872 ዓ.ም. በተጠመቀም ጊዜ ኦነሲሞስ ተባለ፤ ትርጓሜውም ጠቃሚ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ስም ብቻ ሰጥተው አልተዉትም። ወደ ስዊድን ልከው አስተማሩት፤ በኋላም መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የመተርጎም ከባድ ሥራ በእርሱ ላይ ወደቀ። አስቴር ጋኖ፥ እርስዋም ከባርነት ነጻ የወጣች፥ በዚህ ድካም ረዳችው፤ መላው መጽሐፍም በ1899 ዓ.ም. ታተመ። ልብ በል፤ ይህን ሰው ያቆመው ውዳሴ አይደለም፤ እግዚአብሔር በመልኩ እንደ ፈጠረው መስማቱና አደራ መቀበሉ ነው እንጂ።

ማርቆስ የተባለውም ዮሐንስ በጵንፍልያ ከሥራው ተለይቶ ተመለሰ፤ ጳውሎስም ዳግመኛ ሊወስደው አልወደደም። በጳውሎስ መፍረድ አይገባንም፤ መንገዱ አስጨናቂ ነበረና። በርናባስ ግን ወጣቱን በሽንገላ እንዳጽናናው አልተጻፈም፤ ይዞት በመርከብ ወደ ቆጵሮስ ሄደ እንጂ። ከዓመታት በኋላ ጳውሎስ ራሱ ለአገልግሎት ይጠቅመኛልና አምጣው ብሎ ለጢሞቴዎስ ጻፈለት።

የሚሸነግልም አለቃ ከሚሳደበው አይሻልም። እግሩ የተወላገደውን ወንበር «እጅግ ያማረ ነው» ቢለው፥ ልጁ እውነቱን ነገ ከገዢው አፍ ይሰማል፤ ያን ጊዜ አለቃውን አያምንም፤ ራሱንም አያምንም።

ተማሪ ሆይ፥ አንተም የእጅ ሥራን ንቀህ ጽሕፈት ቤት ብቻ የምትመኝ ከሆንህ ክብርህን በወንበር ላይ አስቀምጠኸዋል፤ ወንበሩ ሲወሰድ ክብርህም ይሄዳል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በእኛ አቈጣጠር በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ ዐዋጅ አስነግረዋል፤ ብዙ ሰው ግን ዐዋጁን ሰምቶ ስድቡን አልተወም።

«አደራ ብሰጠው ገንዘቤን ቢያጎድልብኝስ?» ትል ይሆናል። ይህ ፍርሃት ከንቱ አይደለም፤ ስለዚህ በትንሹ ጀምር። የአንድ ቀን ሒሳብ ስጠው፤ በቀኑ መካከል አትነዝንዘው። ሲመሽ ለብቻችሁ ተቀምጣችሁ ቍጠሩ፤ የጎደለውን ይህን ያህል ጎድሏል በለው፤ የደረሰውንም ደርሷል በለው፤ በማግሥቱም መዝገቡን መልሰህ በእጁ ስጠው።