የሚወዱትን ሰው ስለ መጠበቅ

ሰው በገዛ ፈቃዱ ወደ እስራት ገብቶ ሰንሰለቱ ከተቈለፈበት በኋላ፥ ፈቃዱ የራሱ ሆኖ ይቀራልን? ይህ ጥያቄ ለሊቃውንት ጉባኤ ብቻ የተተወ አይደለም፤ በቤታቸው የአረቄ ወይም የጫት ወይም የመርፌ ምርኮኛ ያለባቸው አባትና እናት ሁሉ ማታ በር ሲዘጉ የሚጠይቁት ነው። ልጃችን መተው አልቻለምን፥ ወይስ አልወደደም? አልቻለም ካሉ ሊያዝኑለት ይገባል፤ አልወደደም ካሉ ሊቈጡት ይገባል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጧት ይቈጡታል፥ ማታ ያዝኑለታል፥ በሁለቱም አይጠቅሙትም።

ለዚህ ነገር ምስክር የሚሆን የታወቀ ታሪክ አለ፤ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው። ከ1772 እስከ 1834 ዓ.ም. የኖረው እንግሊዛዊው ባለቅኔ ሳሙኤል ቴይለር ኮልሪጅ የአፍዮን ምርኮኛ ነበረ። አፍዮን ፖፒ ከሚባለው ተክል ፍሬ የሚወጣ፥ ደርቆ ሙጫ የሚሆን ወተት ነው። በዚያ ዘመን በአልኮል ተበጥብጦ ሎደነም በሚል ስም እንደ ማናቸውም ሸቀጥ ይሸጥ ነበረ፤ እንግሊዝ ሽያጩን በሕግ የወሰነችው በ1868 ዓ.ም. ነው። ኮልሪጅም ለሕመም ማስታገሻ ብሎ የጀመረው መድኃኒት ራሱ ሕመም ሆነበት። ስለ አንዲት ሐበሻዊት ልጃገረድ ዜማ የሚያነሣበትን «ኩብላ ካን» የተባለውን ግጥም አፍዮን ወስዶ ሳለ በሕልም እንደ ደረሰው ራሱ ተናግሯል፤ ስለዚህም መርዙን እስከ ማመስገን የሚደርሱ ሰዎች አልጠፉም። ከዚያ ሕልም በኋላ ስለ መጡት ዓመታት ግን የሚጠየቁት ሚስቱ ወይዘሮ ሳራ ናቸው። እርሳቸው ሦስት ልጆች ይዘው በኬዚክ ከተማ፥ በእኅታቸው ባል በባለቅኔው በሮበርት ሳውዚ ቤት ቀሩ፤ ለልጆቹም እንደ አባት የሆነላቸው ሳውዚ ነው።

በ1814 ዓ.ም. የቀድሞ ወዳጁ መጽሐፍ አሳታሚው ጆሴፍ ኮትል ስለዚህ ልማድ በደብዳቤ ገሠጸው። ኮልሪጅ ሲመልስ፥ ደዌው የአእምሮ ሳይሆን የፈቃድ እብደት መሆኑን ገለጸ፤ እርሱን መገሠጽ ሁለት ክንዱ ሽባ የሆነውን ሰው እጆችህን አሻሽና ትድናለህ እንደ ማለት መሆኑንም አስረዳ። ሳውዚ ይህን አልተቀበለም፤ ነገሩ ምኞትና ልቅነት ነው ይል ነበረ። በሳውዚ ላይ መፍረድ ቀላል ነው፤ ነገር ግን የሌላውን ሰው ልጆች ዕለት ዕለት በማዕዱ ዙሪያ የሚያይ ሰው እንዲህ ቢያስብ አይደንቅም።

የኮልሪጅ ነገር ሐሰት አልነበረም። አፍዮን የለመደ ሰው በድንገት ሲያቋርጥ ብርድ ብርድ እንዲለው፥ ሆዱ እንዲላላ፥ አጥንቱ እንዲያመው፥ አንጐሉም ራሱ በልማዱ ምክንያት እንዲለወጥ የዛሬ ሐኪሞች ያውቃሉ። ነገር ግን ሽባ ነኝ ያለ ሰው ተሸካሚ መፈለግ ይቀረዋል። ኮልሪጅ ይህን ያደረገው በ1816 ዓ.ም. ሚያዝያ ነው። ለንደን አጠገብ በሃይጌት ወደሚኖረው ሐኪም ወደ ጄምስ ጊልማን ቤት ከመግባቱ በፊት በጻፈለት ደብዳቤ፥ በአንደበቱ እንደማይዋሽ፥ ካልተጠበቀ ግን ስለዚህ መርዝ በሥራው ሊዋሽ እንደሚችል አስቀድሞ አስጠነቀቀው። እነሆ፥ ፈቃዱ የደከመ ሰው የቀረችውን ጥቂት ፈቃድ በሌላ ሰው እጅ አደራ አኖራት። ነጻነት ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ ማን በጻፈው?

በአማርኛ መጠበቅ ዘብ መቆም ነው፤ ደግሞም የሚመጣውን በተስፋ መቈየት ነው። ጊልማን ሁለቱንም አደረገ። እንግዳው ለአንድ ወር ያህል ሊቀመጥ መጥቶ ዐሥራ ስምንት ዓመት ተቀመጠ። ሐኪሙ መጠኑን ቀንሶ እየለካ ይሰጠው ነበረ፤ ኮልሪጅ ግን ከመንደሩ መድኃኒት ሻጭ በስውር ይገዛ ነበረ። ስለዚህ ይህ ታሪክ ፍጹም ድኅነትን ብቻ ለሚፈልግ ሰው አይመችም። ይሁን እንጂ በዚያ ቤት ሳለ በ1817 እና በ1825 ዓ.ም. ታላላቅ መጻሕፍቱን አሳተመ፥ ወጣቶችም ንግግሩን ሊሰሙ ይመጡ ነበረ። በ1960ዎቹ ዓመታት በኒው ዮርክ የተነሡ ሐኪሞችም ሜታዶን የሚባለውን መድኃኒት በጠባቂ ፊት እየለኩ መስጠት የጀመሩት ከዚህ በማይርቅ አሳብ ነው።

ነገር ግን አንድ ነገር መዘንጋት አይገባም። ጊልማን ባዕድ ነበረ፤ የተሸጠበት ዕቃ፥ የታጠፈበት ቃል፥ የሚቈጥረው ቂም አልነበረውም። ለሥጋ ዘመድ ግን ነገሩ እጅግ ይከብዳል። እናት የልጇን ኪስ በስውር ስትፈትሽ ጠባቂነቷ ወደ ሰላይነት ይለወጣል፤ እንዳይሰርቅ ብላ ገንዘብ ስትሰጠው ደግሞ የሻጩ ገንዘብ ያዥ ትሆናለች። አባትም ይቅር ብዬሃለሁ ብሎ በዚያው ቀን የሣጥኑን ቍልፍ ቢሰጠው፥ ይቅርታንና እምነትን አንድ አድርጎ መሳቱ ነው። ይቅርታ በአንድ ማታ ሊሰጥ ይችላል፤ እምነት ግን እንደ ግንብ በድንጋይ በድንጋይ ይሠራል። የሚጠበቀው ሰው መጠበቁን ሲያውቅና እሺ ሲል፥ ኮልሪጅ በደብዳቤው እንዳደረገው፥ ፍተሻው ከስድብነት ይድናል። እሺ ካላለ ቤተ ሰቡ በሩን ሳይዘጋ ቍልፉን መያዝ ብቻ ይቀረዋል፤ ይህም ከሁሉ የሚያደክመው ነው፤ ወይዘሮ ሳራ ይህን ለብዙ ዓመት ያውቁታል።

በ1823 ዓ.ም. መጀመሪያ እርሳቸውና በስማቸው ሳራ የተባለችው ልጃቸው ወደ ሃይጌት መጡ። ልጅቱ ሃያ ዓመት ሆኗት ነበረ፤ አባቷን ካየችውም ዐሥር ዓመት አልፎ ነበረ። በእንግድነት የተቀበሏቸው እነ ጊልማን ናቸው፤ ቤቱ የአባቷ ቤት አልነበረምና።