በደል ያረጃል ወይ?

በልብ አንጠልጣይ ልቦለዶችና ፊልሞች ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ታሪክ አለ። በወጣትነቱ ክፉ የሠራ ሰው አገር ቀይሮ፣ ትዳር ይዞ፣ በሰላም ሲኖር የበደለው ሰው አንድ ቀን ደጁ ላይ ይቆማል። አንባቢው የሚሰጋው ለበዳዩ ነው፤ አስፈሪ ሆኖ የሚቀርበውም ተበዳዩ ነው። እኔ ይህ አተራረክ እውነቱን ይገለብጠዋል እላለሁ።

እውነተኛው ታሪክ በእኛው ሰዎች ላይ ደርሷል። እጅጋየሁ ታዬ አሜሪካ፣ አትላንታ ከተማ፣ በአንድ ሆቴል አስተናጋጅ ነበረች። አንድ ቀን ከአሳንሰር የሚወጣ ሰው አየችና አወቀችው። ከልቤሳ ነገዎ ነው፤ በቀይ ሽብር ዘመን የአዲስ አበባ ከፍተኛ 9 ሊቀመንበር የነበረ፣ እሷ ስትገረፍና ስትሰቃይ ፊቷ የነበረ ሰው። አሁን እዚያው ሆቴል ሻንጣ ተሸካሚ ሆኖ ተቀጥሯል። ሁለቱም የዕለት እንጀራቸውን የሚያገኙት ከአንድ ሕንፃ ነው። በዚያች ቅጽበት ሰላሙን ያጣው እሱ አይደለም፤ እሱ ሥራውን ቀጥሏል። የምትሠራበት ቤት ተመልሶ የአሳሪዋ ቤት የሆነባት እሷ ናት።

እንደ እሷ ከተሰቃዩት ከሂሩት አበበና ከኤልሳቤጥ ደምሴ ጋር ሆና ከሰሰችው። እ.ኤ.አ. በ1993 የአትላንታው ፌዴራል ፍርድ ቤት ለእያንዳንዳቸው 500 ሺህ ዶላር ካሳ ፈረደላቸው። እሱ ግን አላደረግኩም ብሎ ካደ፤ ይግባኙ ገና ሳይቋጭም የአሜሪካ ዜግነት አገኘ። ኋላ ዜግነቱ ተገፎ እ.ኤ.አ. በ2006 ወደ ኢትዮጵያ ተላከ፤ እዚህ ደግሞ በሌለበት ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት ነበር።

የ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊ ፈላስፋ ጆን ሎክ፣ ሰው ትናንትም ዛሬም ያው ሰው የሚሆነው የትናንት ሥራውን የራሱ አድርጎ በማስታወሱ ነው ይል ነበር። ይህን እስከ ጫፉ ከሄድንበት፣ በደሉን የረሳ ሰው ሌላ ሰው ሆኗል፤ ዕዳውም ወርዶለታል። (ሎክ ራሱ ዳኛ የተከሳሹን መርሳት ማጣራት ስለማይችል ይቀጣዋል ብሎ ነገሩን አለዝቦታል።) የእኛ ሰው ግን «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላል። በዚህ አባባል ውስጥ ሎክ ያላየው ነገር አለ፤ ማን እንደሆንን የሚመሰክረው የራሳችን ትዝታ ብቻ አይደለም፤ የበደልነውም ሰው ይመሰክራል። ስለዚህ «ነገሩ አልፏል» የማለት ሥልጣን የበዳዩ አይደለም።

በደል ያረጃል ወይ የሚለው ጥያቄ ከጋምቤላ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው በጀዊ የስደተኞች መጠለያ ይብሳል። ጀዊ የተከፈተው በ2007 ዓ.ም. የሌይችዎርና የኒፕኒፕ መጠለያዎች በጎርፍ ከተጥለቀለቁ በኋላ ነው። አብዛኛው ነዋሪ ታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ ከፈነዳው ጦርነት የሸሸ የኑዌር ሕዝብ ነው። ያን ጊዜ በእናታቸው ጀርባ ታዝለው ወይም እጃቸውን ተይዘው ድንበር የተሻገሩ ልጆች ዛሬ አድገዋል።

አንትሮፖሎጂስቱ ኢቫንስ ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1940 ባሳተመው መጽሐፍ እንደመዘገበው፣ በኑዌር ባህል ሰው የገደለ ሰው እህል ውሃ ሳይቀምስ የነብር ቆዳ ለባሹ ሽማግሌ ዘንድ ይሮጣል። ሽማግሌው በዓሣ ጦር ክንዱን በጥቶ ደሙን ያፈስለታል። ከዚያ የከብት ካሳው ድርድር ይመጣል፤ በከብቱም በሟቹ ስም ሚስት ትታጫለች፣ የሚወለዱት ልጆች የሟቹ ይባላሉ። እንዲህም ሆኖ ቂሙ ጨርሶ አይጠፋም። እኔን የሚያስደንቀኝ ቅደም ተከተሉ ነው፤ የመጀመሪያውን እርምጃ የሚራመደው ገዳዩ ነው። መርሳት አይችልም፤ ጥማቱ ያስታውሰዋል።

ከዚያ ጠመንጃ መጣ። አንትሮፖሎጂስቷ ሻሮን ሃቺንሰን እ.ኤ.አ. በ1996 እንደጻፈችው፣ የደቡብ ሱዳን አማጽያን አዛዦች በመንግሥት ጦርነት የተገደለ ሰው ደም ገዳዩን አይከተለውም ብለው ኑዌሮችን ለማሳመን ሞክረዋል። ይህ ከመግደል ፈቃድ የከፋ የመርሳት ፈቃድ ነው። በዚህ ፈቃድ ሽማግሌው ዘንድ መሮጥ ይቀራል፤ ሸክሙ በሙሉ ግድያውን ባየው ልጅ ላይ ይወድቃል። ያ ልጅ አድጎ አንድ ቀን ገዳዩን ገበያ ላይ ቢያገኘው ማን አስፈሪ ተብሎ ሊጠራ ነው?

የ2015 እና የ2018ቱ (እ.ኤ.አ.) የደቡብ ሱዳን የሰላም ስምምነቶች በአፍሪካ ኅብረት የሚቋቋም ድብልቅ ፍርድ ቤት እንደሚኖር ቃል ገብተዋል። ፍርድ ቤቱ እስካሁን አልተቋቋመም። የጀዊ ምስክሮች ቃል ግን ፍርድ ቤት እስኪቋቋም ሳይጠበቅ፣ እነሱ ፈቅደው በሚናገሩበት ቋንቋ፣ ዛሬ ሊመዘገብ ይገባል።