ባሕር ላይ ማን ያያል?

የመጀመሪያው ምርቃት ለአዳም አልተሰጠም። ከእሱ አንድ ቀን ቀድሞ፣ ሐሙስ ዕለት፣ ባሕር ላስገኘቻቸው ፍጥረታት ነው የተሰጠው፤ ታላላቆቹ አንበሪዎችም እንዲበዙ ተባርከዋል። ይህን ጎጃም ውስጥ የኔታ እግር ሥር ተቀምጬ ስማር ባሕር አይቼ አላውቅም ነበር። ከዓባይ የሚሰፋ ውኃ መኖሩንም ያመንኩት እንደ ሌላው ትምህርት ሁሉ በእምነት ነው።

ዛሬ የምኖረው ኖርዌይ፣ ሳንደፍዮርድ ውስጥ ነው። በሥራ ቀን አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራለሁ፣ እሑድ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች አስተምራለሁ። ከተማዋ በዓሣ ነባሪ ዘይት የበለጸገች ናት። ላርስ ክርስቴንሰን የተባለው ባለመርከብ እ.ኤ.አ. በ1917 የሰጣት የዓሣ ነባሪ አደን ሙዚየም አላት፤ ወደቧ አጠገብ ደግሞ አዳኞችን ከነጀልባቸው የሚያሳይ ሐውልት ቀስ እያለ ይሽከረከራል። ከምንረዳቸው አዛውንቶች አንዱ በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ወደ አንታርክቲካ ባሕር የሄዱ ናቸው። እዚህ አገር አንቱታ የለም፤ እንደ ሰዉ በስማቸው እጠራቸዋለሁ፣ በልቤ ግን አንቱ ነው የምላቸው። «እኔ አንድም አልገደልኩም» ይላሉ ሁልጊዜ። «ተኳሹ ሌላ ነው። እኔ ስብ ነው የገፈፍኩት።» ጉርሻው ግን ለሁሉም በዘይት በርሜል ይታሰብ ነበር።

ያኔ የነበረውን ስሌት ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው። የአደኑ ሕግ ዓሣ ነባሪን በነፍስ ወከፍ አይቆጥርም ነበር። «የሰማያዊ ዓሣ ነባሪ አሐድ» የሚባል መለኪያ ነበረው፤ አንድ ሰማያዊ ዓሣ ነባሪ ከሁለት ፊን፣ ከሁለት ተኩል ባለጉብታ ወይም ከስድስት ሴይ ዓሣ ነባሪ ጋር እኩል ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለአንታርክቲካ የተፈቀደው በዓመት 16,000 አሐድ ነበር። መርከቦቹ ሁሉ ድምሩ እስኪሞላ ይሽቀዳደሙ ነበር። ባለጉብታ ዓሣ ነባሪ ግልገሏን ታጠባለች፣ ወንዱ ለሰዓታት ይዘምራል፤ ሁለት ተኩል ሲሆኑ አንድ ናቸው። ግማሹ የትኛው ወገን እንደሆነ አዛውንቱን ጠይቄያቸው ሳቁብኝ። ያ መለኪያ እስከ 1972 ድረስ ሠርቷል፤ በአንታርክቲካ ከ200,000 በላይ የነበሩት ሰማያዊ ዓሣ ነባሪዎች ያኔ ጥቂት መቶ ቀርተው ነበር።

ሕጉን መናቅ አይገባም። በ1946 ዋሽንግተን ላይ የተፈረመው ስምምነት ዓሣ ነባሪን መጠበቅንም የአደኑን ኢንዱስትሪ ሥርዓት ማስያዝንም ባንድ ዐረፍተ ነገር የሚመኝ የአዳኞች ሕግ ነው፤ ቢሆንም የዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ አደን ኮሚሽን የ1982 ጉባኤ የንግድ አደን እንዲቆም የወሰነው በዚያው ስምምነት ሥልጣን ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ጥያቄ ነው። ሰው በሌለበት፣ ጎረቤት በማያይበት፣ መርከብ ከመርከብ በማይተያይበት ውኃ ላይ ሕግ እንዴት ይጠበቃል? በሃይማኖት ትምህርት ይህ የቆየ ጥያቄ ነው፤ የተሰወረ ኃጢአት እንለዋለን። ዓሣ ነባሪን በተመለከተ መልሱን ታሪክ ሰጥቶናል፤ መልሱም የሚያሳፍር ነው።

ሶቪየት ኅብረት ከጦርነቱ በኋላ በደቡባዊው ንፍቀ ክበብ 2,710 ባለጉብታ ዓሣ ነባሪዎች መግደሏን ለዓለም አቀፉ ኮሚሽን አስታወቀች። የገደለችው ከ48,000 በላይ ነበር። በ1959 እና 1960 በጀመሩት ሁለት የአደን ወቅቶች ብቻ ከአውስትራሊያና ከኒውዚላንድ በስተደቡብ 25,000 ያህል ረገፉ። በኒውዚላንድና በምሥራቅ አውስትራሊያ የባሕር ዳርቻ የነበሩት የአደን ጣቢያዎች ዓሣ ነባሪው የት እንደገባ ሳያውቁ ተዘጉ። በየመርከቡ ተቆጣጣሪ አልነበረም ወይ? ነበረ፤ ግን የሚሾመው የመርከቡ አገር መንግሥት ነው። ጅብ ሥጋ እንዲጠብቅ ተሾመ ማለት ነው። ከሁሉ የሚከፋው ያ ሁሉ ሥጋ ለራብ እንኳ አለመዋሉ ነው። አዳኙ የሚሸለመው በእቅድ ማሟያ ነበርና ብዙው ሬሳ ጥቂት ተገፍፎለት ወደ ባሕር ተመለሰ። የእቅዱ ወረቀት ግን ሞላ።

ምስክር የመጣው ዘግይቶ ነው። አንዳንድ የሶቪየት ሳይንቲስቶች እውነተኛውን መዝገብ ደብቀው አቆዩ፤ በ1993 ደግሞ የየልትሲን አማካሪ የነበሩት አሌክሲ ያብሎኮቭ ነገሩን ለዓለም ገለጡት። እኔ ይህን እንደ ንስሐ ነው የማነበው። ንስሐ ግን የሞተውን አያስነሳም፤ የሚሠራው በሕያዋኑ ላይ ነው። ያም ሆኖ ሕገ ወጥ አደኑን በአብዛኛው ያስቆመው ንስሐው አልነበረም። ከ1972 ጀምሮ የአንዱ አገር ታዛቢ በሌላው መርከብ ላይ መሳፈሩ ነው። መምህር እንደመሆኔ ይህን ማመን አልወድም። ሰዎቹን ያረማቸው የባዕድ ዓይን እንጂ የእግዚአብሔር ዓይን አልነበረም፤ በእግዚአብሔር እንዳያምኑ የተማሩ ናቸው ቢባል እንኳ፣ የሚያምኑት አገሮች መርከቦች ለሰማያዊው ዓሣ ነባሪ መቼ ራሩለት?

ጃፓን ደግሞ ሌላ መንገድ አገኘች። ስምምነቱ ለሳይንስ መግደልን ስለሚፈቅድ ከ1987 ጀምሮ አንታርክቲካ ላይ በሳይንስ ስም ገደለች፤ ሥጋውም ገበያ ወጣ። አውስትራሊያ ሄግ ላይ ከሰሰች፤ መጋቢት 31 ቀን 2014 (በፈረንጆቹ) ፍርድ ቤቱ በ12 ለ4 ድምፅ ፈቃዶቹ ለሳይንስ ጥናት ዓላማ የተሰጡ አይደሉም አለ። ከተቃወሙት አራት ዳኞች አንዱ የጎረቤታችን ልጅ ሶማሌው አብዱልቃዊ ዩሱፍ ነበሩ። በፍርዱ የሚገርመኝ፣ ዳኞቹ የባለሥልጣናቱን ልብ አንመረምርም ማለታቸው ነው። ልብን ትተው የመረመሩት፣ የተገደለው ብዛት ከተባለው ዓላማ ጋር ይመጣጠናል ወይ የሚለውን ነው። ልብና ኩላሊትን የሚመረምር አንድ መሆኑን የምናምን ሰዎች ከዚህ የበለጠ ትሕትና ከዳኛ አንጠብቅም። ትሕትናው ግን ዋጋ አለው፤ ጃፓን በ2019 ከኮሚሽኑ ወጥታ በራሷ ውኃ ላይ በግልጽ ለንግድ ማደን ጀመረች። ቢያንስ ሳይንስ ነው ማለቷን ተወች።

ኖርዌይ የ1982ቱን ውሳኔ ያኔውኑ ተቃውማለች፤ ስለዚህም በሕግ አትታሰርበትም። ከ1993 ጀምሮ ሚንክ ዓሣ ነባሪን ለንግድ ታድናለች። እዚህ ያሉ ሰዎች ክፉዎች አይደሉም። ሚንክ አልጠፋም፣ ከመቶ ሺህ በላይ አለ ይላሉ፤ እውነት ነው። ኮታው በዓመት ከሺህ በላይ ነው፤ በ2024 የታደነው ግን ከ400 ጥቂት ቢበልጥ ነው። ጀልባዎቹ ተኩሱንና መጎተቱን የሚመዘግብ ኤሌክትሮኒክ ሣጥን ይጭናሉ፤ የሥጋው ዘረ መልም ይመዘገባል። ሕግ በማስከበር ረገድ ከዚህ የተሻለ የሠራ አዳኝ አገር አላውቅም። እኔም ለፋሲካ በግ የማርድ ሰው ነኝና ዓሣ ነባሪ ውብ ስለሆነ አይታረድ የሚለው ክርክር አያሳምነኝም። በጉም ለእናቱ ውብ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ የሰንበት ተማሪ ጓደኛው ቤት ቫልቢፍ የሚባል የዓሣ ነባሪ ሥጋ ቀረበለት። ሳይበላ መጥቶ «ኃጢአት ነው?» አለኝ። ቀላሉ መልስ ዘሌዋውያን ነው፤ ክንፍ እንጂ ቅርፊት የለውምና አይበላም። እኔ ራሴ የሥራ ባልደረባዬ ሲጋብዘኝ ያመለጥኩት በዚህ ነው። ለልጁ ግን ይህን መስጠት ከበደኝ፤ ቅርፊት ቢኖረው ምን ልለው ነው?

ስለዚህ ኖርዌያውያን ራሳቸው የለኩትን ነገርኩት። በ2011 እና 2012 አደኑ የተመዘገበላቸው 271 ሚንኮች ነበሩ። ከመቶ 82ቱ ፈንጂ ያለው ጦር ሲያርፍባቸው ወዲያው ሞቱ። የቀሩት 49 ነበሩ፤ ግማሾቹ ከስድስት ደቂቃ በላይ ቆዩ። አንድ በግ ስድስት ደቂቃ ቢንፈራገጥ አራጁን አባቱ ቢላውን ይቀሙታል፣ መንደሩም ዳግመኛ አይጠራውም። ዓሣ ነባሪውን በሚወዛወዝ ጀልባ ላይ ሆኖ የሚተኩሰው ሰው ግን ምንም ጎበዝ ቢሆን ከአምስቱ አንዱን ያህል ወዲያው እንደማይገድል አስቀድሞ ያውቃል፤ አውቆም ይወጣል። አደኑን የማልቀበለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቁጥሩ መቶ ሺህም ሆነ ሚሊዮን ይህ አይለወጥም። በአላስካ ለክረምት ስንቁ የሚያድነው የኢኑፒያት ሕዝብ ሌላ ምግብ እንደ ልቡ አያገኝምና እሱን በዚህ አልመዝነውም፤ ሳንደፍዮርድ ግን ሱቁ ሙሉ ነው።

«ታዲያ አትብላ ነው?» አለ ልጁ። አትብላ አልኩት። እናቱ ማታ ደውለው ወቀሱኝ። «ዘሌዋውያንን ብትነግረው ይበቃ ነበር፤ አሁን ስለ በጉም መጠየቅ ጀምሯል» አሉኝ። ይጠይቅ አልኳቸው።