ከምሽጉ ግድግዳ ወዲህና ወዲያ

የምኖርበት የካልጋሪ ሰፈር ካስልሪጅ ይባላል። በስሙ ውስጥ ግንብ አለ፤ በሰፈሩ ግን ከተደረደሩት ቤቶች በቀር ግንብ የሚባል ነገር የለም። የከተማዋ እውነተኛ ምሽግ የነበረው መሀል ከተማ አጠገብ፣ ቦው እና ኤልቦ የሚባሉት ወንዞች በሚገናኙበት ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1875 የሰሜን ምዕራብ ፈረሰኛ ፖሊስ 50 ያህል ሰዎች እዚያ ሰፈሩ። ፖሊስ ይባሉ እንጂ አደረጃጀታቸውም ኑሯቸውም የወታደር ነበር።

ከመጀመሪያው ክረምታቸው የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። አዛዡ ኢንስፔክተር ብሪዝቧ ብቸኛውን የብረት ምድጃ ወደ ራሱ ክፍል አስገባው፤ በብርድ የሚሠቃዩት ሰዎቹም ለአመፅ ተቃረቡ። ይህን ሳነብ ልቤ ወዲያው ወደ ወታደሮቹ አደላ። የካልጋሪን ጥር የሚያውቅ ሰው አይፈርድብኝም።

ቆይቼ ግን ራሴን ጠየቅሁ፤ የመቀሌን ምሽግ ታሪክ ስሰማስ ለምን አላዘንኩም? በጥር 1888 ዓ.ም. ሻለቃ ጋሊያኖ ከአንድ ሺህ ከሚበልጡ ወታደሮች ጋር እንዳ ኢየሱስ ላይ ተከቦ ነበር። አብዛኞቹ ወታደሮች አስካሪዎች፣ ማለትም ለጣሊያን የተቀጠሩ የአገሬው ልጆች ነበሩ። በእቴጌ ጣይቱ ምክር የውኃው ምንጭ ተያዘባቸውና በጥም ተሸነፉ። እኔ ይህን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማሁት በኩራት ነው። ጥማቸው የእኛ ብልሃት ነበርና ስለ ጉሮሯቸው አስቤ አላውቅም።

የካልጋሪውን ወታደር ከግድግዳው ውስጥ፣ የመቀሌውን ከውጭ ሆኜ ነበር የማየው። ሁለቱም እይታ ያታልላል።

ከውጭ ስናይ ሰውየው ይጠፋብናል። ከዓድዋ በኋላ የተማረኩት ጣሊያኖች አብዛኞቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ብዙ የተማረኩ አስካሪዎች ግን ቀኝ እጃቸውንና ግራ እግራቸውን ተቆረጡ። አስካሪው ወገኑን መውጋቱ እውነት ነው። ግን ጦርነቱን ያዘዙት ከላይ ሆነው ሳለ ከባዱ ቅጣት የወረደው በታችኛው ላይ ነበር። እኛም «ባንዳ» ብለን ጉዳዩን ዘጋነው።

ከውስጥ ስናይ ደግሞ የወታደሩ ሥቃይ ሥራውን ይሸፍንብናል። ፈረሰኛ ፖሊሶቹ የውስኪ ነጋዴዎችን ማባረራቸው አይካድም። ነገር ግን በ1877 የአካባቢው ነባር ሕዝቦች መሬታቸውን የሚመለከተውን ሰባተኛውን ውል ሲፈርሙ፣ ከመንግሥት ተደራዳሪዎች አንዱ የፖሊሱ አዛዥ ማክሊዮድ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጎሹ አለቀ፤ ሕዝቡም ተራበ። በምሽጉ ውስጥ የነበረው ብርድ ተጽፎልን እናዝንለታለን። ከውጭ የነበረውን ረሃብ ግን ካልፈለግነው አናገኘውም።

ስለዚህ ለወታደሩ ማዘን ተገቢ ነው፤ ማዘን ግን ነፃ ነህ ብሎ መፍረድ አይደለም። በርዶት የቆመ ሰው ማንን ለመከልከል እንደቆመም ሊጠየቅ ይገባዋል።

ይህ ጥያቄ ወደ እኔም ይመጣል። ጠመንጃ ይዤ አልመጣሁም፤ ለእንጀራ ነው የመጣሁት። ብዙ አስካሪም ከቤቱ የወጣው ለእንጀራ ነበር። ማሞቂያው ሌሊቱን ሙሉ የሚነድበት ቤቴ የቆመው ያ ምሽግ በከፈተው መሬት ላይ ነው። ስለ ስደታችን ብርድ ብዙ እንጽፋለን፤ መጻፍም አለብን። እኛ ከመምጣታችን በፊት እዚህ ስለነበሩት ሰዎች ግን ስንቶቻችን ጠይቀን እናውቃለን?