የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትዕግሥት

በቡታጅራም ሆነ በወልቂጤ ለድባቴ ሕክምና ወደ ጤና ተቋም የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ ከሁለት መድኃኒቶች አንዱን ይዞ ይመለሳል፤ አሚትሪፕቲሊን ወይም ፍሉኦክሴቲን። ሁለቱም አንድ የሚያስጨንቅ ጠባይ አላቸው፤ ጉዳታቸው ይቀድማል፣ ጥቅማቸው ይከተላል። አሚትሪፕቲሊን ማታ የዋጠ ሰው ጠዋት አፉ ደርቆ፣ ምላሱ ከላንቃው ተጣብቆ ይነሣል። ከአልጋው ብድግ ሲል ዓይኑ ይጨልምበታል፣ ሆዱ ይደርቃል፣ ቆጮውም ያለ ውኃ አልወርድ ይለዋል። ፍሉኦክሴቲን የጀመረውን ደግሞ ያቅለሸልሸዋል፣ ራሱን ያመዋል፣ እንቅልፍ ይነሣዋል። ይህ ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይመጣል፤ የልብ መቅለሉ ግን ከሁለት እስከ አራት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። እንግዲህ አንድን ሰው ገና ያላየውን ጥቅም ተስፋ አድርጎ፣ ዛሬ የሚሰማውን ጉዳት እንዲሸከም መጠየቅ ተገቢ ነው ወይ? ጥያቄው ለሐኪም ብቻ የሚተው አይመስለኝም፤ ስለ ትዕግሥት የሚያስተምር ሃይማኖት ሁሉ ሊመልሰው የሚገባ ነው።

ዝግጁው መልስ ይታወቃል። ክርስቲያኑ «ታገሥ» ይባላል፣ ሙስሊሙ «ሰብር አድርግ» ይባላል፤ ለሁለቱም ምሳሌ ሆኖ የሚጠራው ኢዮብ፣ ነቢዩ አዩብ፣ አንድ ሰው ነው። ነገር ግን መጽሐፈ ኢዮብን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው አብዛኛው ክፍል ሙግት መሆኑን ያውቃል። ኢዮብ ሕመሙን ይናገራል፣ ምክንያቱን ይጠይቃል፣ «ዝም በል» ከሚሉት ወዳጆቹ ጋር ይከራከራል፤ በመጨረሻም የሚወቀሱት ወዳጆቹ ናቸው። ስለዚህ ትዕግሥት አፍን መዝጋት አይደለም። ምን እንደሚሸከም፣ ለምን እንደሚሸከም፣ እስከ መቼ እንደሚሸከም የሚያውቅ ሰው ሲሸከም ነው ትዕግሥት የሚባለው። ይህን ሳይነገረው ክኒን ተሰጥቶት የሚሠቃይ ሰው ታገሠ አይባልም፤ ተተወ እንጂ።

ለመዳን ሲባል ሥጋን ማስቸገር ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ኮሶ የጠጣ ሰው ሆዱ ሲታወክ «ሠራለት» ይባላል እንጂ «መረዘው» አይባልም። የጫትን ነገር ደግሞ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ በቡታጅራ አካባቢ በ10,468 አዋቂዎች ላይ የተደረገ ጥናት ግማሹ በወቅቱ ጫት እንደሚቅም፣ ከቃሚዎቹም ከአሥሩ ስምንቱ ገደማ ለጸሎት ሐሳብን ለመሰብሰብ እንደሚጠቀሙበት አሳይቷል። ጫት እንቅልፍ ይነሣል፣ አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል። ለጸሎት ብሎ ይህን የተቀበለ ሰው ያንኑ የአፍ ድርቀት ከክኒን ሲያገኘው «መድኃኒቱ አልተስማማኝም» ብሎ በሦስተኛው ቀን ይጥለዋል። ልዩነቱ በድርቀቱ ላይ የለም፤ የጫቱን ጠባይ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፣ የክኒኑን ግን ማንም አልነገረውም። የኮሶ ልምድም ቢሆን እዚህ ላይ ያሳስታል። ኮሶ በአንድ ቀን አናውጦ ያበቃል፤ የድባቴ መድኃኒት ግን በዝግታ ይሠራል፣ ብዙ ያናወጠ ሁሉ ብዙ አይፈውስም፣ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም ሰውየው ከተሻለው በኋላ ለወራት እንዲቀጥል ይመክራል።

የነገሩ ከባዱ ክፍል ግን ሌላ ነው። ማንኛውም ትዕግሥት የሚቆመው በተስፋ ላይ ነው፤ ድባቴ ደግሞ መጀመሪያ የሚያሳምመው ተስፋን ራሱን ነው። የወባ መድኃኒት የመረረው ሰው ነገ እንደሚሻለው ያምናል። በድባቴ የተያዘች እናት ግን ነገ የሚባል ነገር አይታያትም፤ ማቅለሽለሹን ስታይ «መድኃኒቱ እንኳን ጠላኝ» ትላለች። እንዲህ ላለው ሰው «ጽና» ማለት እግሩ ለተሰበረ «ሩጥ» እንደማለት ነው። ስለዚህ ተስፋውን ለጊዜው ሌላ ሰው ሊይዝለት ይገባል፤ ባለቤት፣ እኅት፣ ቄስ፣ ሼኽ፣ ከሁሉ በፊት ግን ክኒኑን የሰጠው ባለሙያ። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በሶዶ ወረዳ በተካሄደው የአእምሮ ጤና ፕሮግራም ነርሶችና ጤና መኮንኖች በጤና ጣቢያ ደረጃ ይህን ሕክምና እንዲሰጡ ሠልጥነዋል። መድኃኒቱን የሚሰጠው ሰው የታማሚውን ቋንቋና ኑሮ የሚያውቅ ከሆነ «በመጀመሪያው ሳምንት አፍሽ ይደርቃል፣ ውኃ ቶሎ ቶሎ ጠጪ፤ ከአልጋ ስትነሺ ጠርዙ ላይ ትንሽ ቁጭ በይ፤ ጎመን አዘውትሪ» ለማለት አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም። ይህች አምስት ደቂቃ ከመድኃኒቱ እኩል ናት ብዬ አምናለሁ።

«ክኒን መዋጥ የእምነት ጉድለት ነው» የሚሉ አሉ። ለእነዚህ መልሱ ከራሳቸው መጻሕፍት ይገኛል። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን ማክበርን፣ መድኃኒትም ከፈጣሪ መሆኑን ያስተምራል፤ ነቢዩ ሙሐመድም (ሰ.ዐ.ወ.) በሽታ ሁሉ መድኃኒት እንዳለውና መታከም እንደሚገባ ማስተማራቸው በሐዲስ የታወቀ ነው። የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 የኤች አይ ቪ ታማሚዎች ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መክረዋል። ለኤች አይ ቪ የተፈቀደው ለድባቴ የሚከለከልበት ምክንያት አይታየኝም። ወደ ምድረ ከብድ አቦ ጸበል የሚወርድ ክኒኑን በኪሱ ይዞ ይውረድ፤ ወደ አብሬት ለዱዓ የሚሄድም እንደዚሁ። በረመዳን አሚትሪፕቲሊን በሌሊት ስለሚወሰድ ከጾሙ ጋር አይጋጭም፤ ድርቀቱ በጾም ከከበደ ግን ለታመመ ሰው ጾም መቅረቱን ሁለቱም ሃይማኖቶች ያውቃሉ።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ከሳይንሱ በኩል ይመጣል፤ መድኃኒቶቹ ከማስመሰያ ክኒን እምብዛም አይሻሉም የሚል። እ.ኤ.አ. በ2018 ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣው ትንተና 522 ሙከራዎችንና 116,477 ሰዎችን መርምሮ 21ዱም መድኃኒቶች ከማስመሰያው እንደሚሻሉ፣ ከእነሱም አሚትሪፕቲሊን ቀዳሚውን ውጤት እንዳሳየ አግኝቷል። በአማካይ ልዩነቱ መጠነኛ ነው፤ ይህን መደበቅ አይገባም። መጠነኛ ተስፋም ግን እውነተኛ ተስፋ ነው፤ ሁለተኛ መድኃኒት መሞከር፣ መጠን ማስተካከል፣ ከምክር ጋር ማጣመርም አለ። «ጉዳቱን ቀድሞ መንገር ያስፈራል፣ ሕመሙንም ይጠራል» የሚባለውም ጥቂት እውነት አለው፤ ማስመሰያ የዋጡ ሰዎችም ማቅለሽለሽና ራስ ምታት ይናገራሉና። መፍትሔው ግን ጉዳቱን ከነማለፊያ ጊዜው መንገር ነው፤ ያልተነገረው ሰው የሚገምተው ከእውነቱ የከፋ ነው።

ትዕግሥት የማይገባበት ቦታም አለ። ሽፍታ፣ የልብ ምት መዛባት፣ ሽንት መከልከል፣ ያለ እንቅልፍ ከልክ ያለፈ መፈንጠዝ የሚታገሡት ነገር አይደለም። በተለይ ወጣቶች ላይ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊበረታ ይችላል፤ አሚትሪፕቲሊን ደግሞ በብዛት ከተወሰደ ይገድላል። ስለዚህ የክኒኑን ብልቃጥ ከቤተሰብ አንዱ ይያዘው፤ ታማሚው መድኃኒቱን በራሱ በድንገት አያቋርጥ፣ የሰጠውን ባለሙያ ይጠይቅ፤ ስለ ሞት መናገር ከጀመረ ብቻውን አይተው፣ ሳይመሽ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።