ቤት ያፈራውን፦ ስለ በዓል እንግዳና ስለ ይሉኝታ



በዓል በቀረበ ቁጥር ናኪቫሌ ባለው ቤተሰብ ውስጥ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ልጆቹን ይዘን ካምፓላ ወደ ዘመድ እንሂድ ወይስ እዚሁ እንዋል? በዚያው ሰሞን እኛም በካምፓላ ያለነው በበኩላችን «ቢመጡ በምን እንቀበላቸዋለን?» እያልን እናወጣለን እናወርዳለን። ሁለቱም ወገን ሐሳቡን ለየብቻው ይዞ ያድራል እንጂ አይነጋገርበትም። ነገሩ ላይ ላዩን ሲያዩት የጓዳ ጉዳይ ይመስላል። ጠለቅ ብለን ብንመረምረው ግን የሥነ ምግባር ጥያቄ ሆኖ እናገኘዋለን። ይኸውም፦ የሚያስተናግድበት የሌለው ሰው እንግዳ የመቀበል ግዴታ አለበትን? አለመኖሩን የሚያውቅ እንግዳስ ሕፃናት ይዞ ሊሄድበት ይገባዋልን?

አስቀድመን የሁለቱን ወገኖች ኑሮ እናነጻጽር። የኡጋንዳ የ2006 (እ.ኤ.አ.) የስደተኞች ሕግ ስደተኛ በአገሩ ውስጥ እንዲንቀሳቀስና ሠርቶ እንዲኖር ይፈቅዳል። ሆኖም ራሽኑም የእርሻ ቁራሹም የሚገኘው በሰፈራው ነው፤ ከተማ የገባ ራሱን መቻል አለበት። በካባላጋላና በካንሳንጋ ከምንኖረው ብዙዎቻችን የተከራየነው ሙዚጎ የሚሉትን ባለ አንድ ክፍል ቤት ነው። መኝታው ከመቀመጫው የሚለየው በመጋረጃ ነው። ውኃው በጀሪካን፣ ከሰሉም በፌስታል ይገዛል። ያም ሆኖ በካምፕ ያለው ሰው ከተሜውን ባለ ሥራና ባለ ገንዘብ አድርጎ ያየዋል። ከተሜው ደግሞ በካምፕ ያለውን «እነሱ እኮ ራሽን አላቸው፤ የቤት ኪራይ የለባቸው» ይለዋል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ የዓለም ምግብ ፕሮግራም ስደተኛውን በችግሩ መጠን እየመደበ ራሽኑን እንደቀነሰ፣ በ2025ም በገንዘብ እጥረት የተረጂውን ቁጥር ይበልጥ እንዳሳነሰ በካምፕ ያላችሁት ከእኛ ይልቅ ታውቃላችሁ። ስለዚህ አንዱ ወገን ሌላውን ደላው ብሎ ያስባል፤ ሁለቱም ተሳስተዋል።

ለመገናኘት የተመቸ ጊዜ አልጠፋም። በ2017 ዓ.ም. የእኛ ፋሲካና የምዕራባውያኑ ፋሲካ ሚያዝያ 12 ቀን በአንድነት ውለው ነበር። በኡጋንዳ ስቅለትና የፋሲካ ማግሥት ሰኞ የመንግሥት በዓላት ስለሆኑ ከዓርብ እስከ ሰኞ አራት ቀን ዕረፍት ተገኘ። በ2016 ዓ.ም. ግን የእነሱ ከእኛ አምስት ሳምንት ቀድሞ ስለነበር ብዙው ሰው የእኛን ስቅለት በሥራ ላይ ውሏል። የሙስሊም ወገኖቻችን ሁለቱ ኢዶችም በዚህ አገር የታወቁ የመንግሥት በዓላት ናቸው። እንግዲህ ቀኑም ሕጉም ፈቅደው ሳሉ የሚያለያየን ምንድን ነው? ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው መንገድና የአውቶቡሱ ዋጋ አንድ ነገር ነው። ዋናው መሰናክል ግን ይሉኝታ ነው እንላለን።

ይሉኝታ ቃሉ ራሱ «ምን ይሉኛል» ከማለት የወጣ ነው። ጨርሶ የሚነቀፍ ጠባይ አይደለም፤ ሰውን ከነውር ይከለክላል፤ ጠግቦ የሚበላ ሰው የተራበውን እንዳያልፍ ያደርጋል። ጉዳቱ የሚጀምረው ሰውን ወደ ሐሰት ሲመራው ነው። አስተናጋጁ የሌለውን እንዳለው አድርጎ ለማሳየት ተበድሮ ዶሮ ይገዛል። እንግዳው መበደሩን ቢጠረጥርም እንዳላወቀ ሆኖ ይበላል። እንግዶቹ ከተሸኙ በኋላ ብድሩ ቤቱ ውስጥ ይቀራል። በሚቀጥለው በዓል የባለቤቱ ስልክ አይነሣም፤ ወይም «በዓሉን ሥራ ላይ ነኝ» ይላል። ዘመድ በዘመዱ ሳይከፋ፣ ጠብም ሳይኖር ሁለት ቤተሰብ እንዲህ ሆኖ ይለያያል። የወንድማማች ልጆችም ሳይተዋወቁ ያድጋሉ። አያቶቻቸውን ያላዩ ልጆች አክስታቸውን በስልክ ድምፅ ብቻ ካወቁ «ዘመድ» የሚለው ቃል ለእነሱ ምን ትርጉም ይኖረዋል?

በዚህ መካከል ይሉኝታ የማያውቀው ሕፃኑ ብቻ ነው። የአራት ዓመት ልጅ ማዕዱን አይቶ «ሥጋው የታለ?» ብሎ ይጠይቃል። እናቱ በጠረጴዛው ሥር ትቆነጥጠዋለች። ልጁ ግን የተናገረው እውነት ነው፤ በቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ነው የተናገረው። ከቁንጥጫው የሚማረው ጨዋነትን ይመስለናል። እኛ አስተማሪዎች ግን የምንፈራው ሌላ ነገር ነው፤ ድህነት የሚደበቅ ነውር መሆኑን እንዳይማር ነው።

«የምንበደረው ለልጆቹ ስንል ነው፤ በዓሉን በበዓልነቱ እንዲያውቁት ነው» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ክብደት ያለው ክርክር ስለሆነ በቀላሉ የምናልፈው አይደለም። ሆኖም ተማሪዎችን «በዓልን እንዴት አሳለፍኩ» በሚል ርእስ ድርሰት ስናጽፍ ያስተዋልነው ነገር አለ። በዶሮው ወጥ ውስጥ አሥራ ሁለት እንቁላል መኖሩን የሚጽፍ ልጅ ጥቂት ነው። የሚጽፉት ከአክስት ልጆች ጋር መሬት ላይ ተደርድረው ስለማደራቸው፣ እኩለ ሌሊት ድረስ ተረት ስለማውራታቸው ነው። ለአዋቂ ጥበት የሆነው አንድ ክፍል ለሕፃን ደስታ ነው።

እንግዳ ስለመቀበል ሲነገረን ያደግነው የአብርሃምን ቤት ምሳሌ እያደረግን ነው። አብርሃም ግን ባለ መንጋ ነበር፤ ከመንጋው መርጦ ጥጃ ማረድ ይችል ነበር። የእኛ ቤት የሚመስለው የሰራፕታዋን መበለት ቤት ነው። ኤልያስ ምግብ ሲጠይቃት በቤቷ የነበረው አንድ እፍኝ ዱቄትና ጥቂት ዘይት ነበር፤ የሚጠብቃትም ልጅ ነበራት። ሴትየዋ በመጀመሪያ ያደረገችው ነገር ያላትን በግልጥ መናገር ነው፤ የጋገረችው ከዚያ በኋላ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰበከው ዱቄቱ አለማለቁ ነው። እኛ ግን ከተአምሩ በፊት የተነገረውን እውነት ልብ እንበል። በእስልምናም የእንግዳ መስተንግዶ ሦስት ቀን ነው ተብሎ ወሰን ተበጅቶለታል። ሁለቱም ሃይማኖቶች እንግዳን ሲያከብሩ የባለቤቱን አቅም አልዘነጉም።

የአገራችንም ልማድ ቢሆን ሲመረመር ይህንኑ ያስተምራል። የመሸበት መንገደኛ ደጃፍ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ» ሲል «ቤት ለእንግዳ» ይባላል። ማዕድ ሲቀርብም ባለቤቱ «ቤት ያፈራውን» ይላል። ቤት ያፈራው ጎመን ከሆነ ጎመን ይቀርባል። «ቤት የተበደረውን ቅመሱልኝ» ያለ ባለቤት ግን ሰምተን አናውቅም። ደግሞም በዓሉን አንድ ቤት ብቻውን ተሸክሞት አያውቅም። በሬው በቅርጫ ይገዛ ነበር፤ ብዙ አባወራ ገንዘብ አዋጥቶ፣ ሥጋው በመደብ ተከፍሎ፣ ዕጣ ተጥሎ ይካፈሉት ነበር። ጎረቤት ምጣድና ገንቦ ያውስ ነበር። በስደት የቀረብን ነገር ሥጋው ብቻ አይደለም፤ ይህ መደጋገፍ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ለተነሣው ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው። የመቀበል ግዴታ አለ፤ የሚቀበለው ግን በሩን ከፍቶ ያለውን ማካፈል እንጂ ካለው በላይ መደገስ አይጠበቅበትም። እንግዳውም መሄድ ይገባዋል፤ ግን እንደ ቅርጫ ባልደረባ ይሂድ። አስቀድሞ ይደውል፤ ስንት ነፍስ ለስንት ቀን እንደሚመጣ ይናገር። ከእርሻው ያገኘውን በቆሎ ወይም ባቄላ ይያዝ። ልጆቹን አውቶቡስ ሳይሳፈሩ «የምንሄደው ሰው ለማየት ነው» ብሎ ያዘጋጃቸው። ባለቤቱ ደግሞ ያለውንና የሌለውን በግልጥ ይንገረው። ልጆቹ ቢበዙ ሁለቱ በጎረቤት ካለ ወገን ዘንድ ይደሩ፤ ውኃ መቅዳቱንና ከሰል ማቀጣጠሉን ትልልቆቹ ይካፈሉ። ባለቤቱ «ዘንድሮ አልቻልኩም» ቢልም ቃሉን እንመነው፤ እውነቱን የነገረን ስላከበረን ነው።

አንዳንድ ሰው «ዱቄት ይዞ መሄድ ባለቤቱን ማዋረድ ነው» ይል ይሆናል። እኛ አይመስለንም። እኛ ስደተኞች ለዓመታት እንግዳ ሆነን ኖረናል። የምንኖርበት መሬት የሰው ነው፤ ራሽናችንንም የሚመጥንልን ሌላ ነው። ሁልጊዜ መቀበል ብቻ ሰውን ምን ያህል እንደሚከብደው የምናውቀው እኛ ነን። በዘመድ ቤት እጁን ይዞ የሚገባ እንግዳ በዚያች ቀን ሰጪም ሆኗል። ባለ አንድ ክፍሉ ከተሜም «ግቡ» ባለ ጊዜ ስደተኝነቱ ቀርቶ ባለቤት ሆኗል። ይህን ክብር በብድር መግዛት አይቻልም፤ ከእውነትና ከመካፈል ብቻ ይገኛል።

ተራውም ይለዋወጥ። ፋሲካን ካምፓላ ያሳለፉ ልጆች በሚቀጥለው በዓል የከተማዎቹን ልጆች ናኪቫሌ ይቀበሉ። በዚያ ሥጋ ባይኖር መሮጫ ሜዳ አለ፤ በግቢ ተዘግቶ ለሚውል የከተማ ልጅ ይህ ትልቅ ድግስ ነው።

እንግዲህ ወገኖቻችን፣ ልጆቹን ይዛችሁ ኑ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ሥጋ መኖሩን ቃል አንገባም። ቤት ያፈራውን አብረን እንቆርሳለን።