ፊትን ለነፋስ፣ ጀርባን ለነፋስ

3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሰፋው በጣና ሐይቅ፣ ከደንገል የሚሠራው ታንኳ ሸራ የለውም፤ ስለዚህ ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር የሚቀዝፍ ሰው ነፋስን የሚያውቀው ከሰዓት በኋላ ማዕበል የሚያነሣ ባላጋራ አድርጎ ነው። ባለሸራ ጀልባ ግን የምትጓዘው በነፋሱ በመሆኑ አቅጣጫዋን የምትለውጠው በሁለት መንገድ ነው፤ መርከበኞች ታኪንግ የሚሉት የጀልባዋን ፊት ነፋሱ በሚመጣበት በኩል አሳልፎ ማዞር ሲሆን፣ ጃይቢንግ የሚሉት ደግሞ የኋላዋን በዚያው በኩል አሳልፎ ማዞር ነው። በሁለቱም ሸራው ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ይሻገራል። ሆኖም በመጀመሪያው ሸራው ኃይል አጥቶ ስለሚርገበገብ በቂ ፍጥነት ሳትይዝ የገባች ጀልባ መካከል ላይ ትቆማለች፤ በሁለተኛው ግን ግፊቱ ለአፍታም ስለማይላላ ሸራውን ከግርጌው የሚይዘው አግዳሚ በድንገት ተወርውሮ ሰው ሊመታ ይችላል።

በግዕዝ «ተመይጠ» ማለት ዞረ፣ ተመለሰ ማለት ነው፤ ከዚሁ ሥር የወጣው «ሚጠት» እመቤታችን ከስደት የተመለሰችበት በዓል መጠሪያ ሲሆን፣ በጣና ቂርቆስ ትውፊትም በስደቷ ወቅት በዚያች ደሴት ዐርፋለች። እንግዲህ ንስሐ ጸጸት ብቻ ሳይሆን መዞርም ከሆነ፣ የትኛው ዓይነት መዞር ነው?

የተለመደው መልስ ነፋሱን ፊት ለፊት የተጋፈጠውን ያከብራል፤ ሕዝቡ ሁሉ ሲመለስ አብሮ የተመለሰውን ግን ይጠራጠራል። ይህ ፍርድ ችኩል ነው፤ ነፋሱን ከኋላው አድርጎ የዞረም በእርግጥ ዞሯልና። አደጋው መዞሩ መቅለሉ ሳይሆን የሚገታው ማጣቱ ነው። ልምድ ያለው መርከበኛ ከመዞሩ በፊት የሸራውን ገመድ ስቦ አግዳሚውን ወደ መካከል ያመጣል፣ ከተሻገረም በኋላ ቀስ እያለ ይለቅቃል፤ የንስሐ አባት የሚሰጠው ቀኖናም፣ ማለትም እንደ ሰውየው ዐቅም ተለክቶ የሚታዘዘው ጾም፣ ስግደትና ምጽዋት፣ ብዙዎች ቅጣት ብቻ ቢመስላቸውም ሥራው ይኸው ገመዱን መያዝ ነው።

ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ 3 ቀን በጾም የምታስባት ነነዌ የተመለሰችው በንጉሥ ዐዋጅ፣ ከሰው እስከ እንስሳ በአንድ ጊዜ፣ ነፋሱን ከኋላዋ አድርጋ ነበር፤ መመለሷም ተቀባይነት አግኝቷል። ትንቢተ ናሆም የሚናገረው ግን ስለዚያችው ከተማ ጥፋት ነው።